«ቆይ» የምትለዋ ቃል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ጸጉር መቆረጥ ላወራችሁ ነው። ሰው አገሩን ለቆ፣ የሄደበትን አገር ቋንቋ ገና እየለመደ፣ ጸጉሩን ሊቆረጥ ሲገባ ስለሚገጥመው ነገር።

ከመሄዴ በፊት ጸጉሬን ለዓመታት የቆረጠኝ አንድ ሰው ነበር። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ የምለው «እንደ ሁልጊዜው» ብቻ ነው። አናቴ ላይ ያለችው ሽክርክሪት ወዴት እንደምትዞር ያውቃል። ከቀኝ ጆሮዬ በላይ ያለችው የልጅነት ጠባሳ እንዳትታይ ምን ያህል መተው እንዳለበትም ያውቃል። እኔ ግን ይህን አንድም ቀን በአፌ ተናግሬው አላውቅም። መናገር የሚያስፈልግ ነገር መሆኑም ታስቦኝ አያውቅም።

ውጭ ከወጣሁ በኋላ 3 ወር ያህል ሳልቆረጥ ቆየሁ። ጸጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ከዚያ በላይ መታገስ አልቻልኩም። አንድ ቀን ገባሁና፣ ቃሉ ስላልነበረኝ፣ 3 ጣቴን አሳየሁ። ቁጥር 3 ማለቴ ነው። እኔ የለመድኳት ቁጥር 3፣ ማለትም ቶንዶሱ ላይ የምትሰካዋ ማበጠሪያ፣ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ታስቀራለች። በአንዳንድ አገር ግን ማበጠሪያው ላይ የሚጻፈው ሚሊ ሜትሩ ራሱ ነው። ሰውየው የተረዳው 3 ሚሊ ሜትር ነው። እሱም አላጠፋም፣ እኔም አላጠፋሁም።

ቶንዶሱ ከጆሮዬ ሥር ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ። መስታወቱ ውስጥ ጠባሳዋ ብቅ አለች። ከልጅነቴ ወዲህ አይቻት አላውቅም ነበር፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ነጣ ያለች። በዚያች ቅጽበት ልናገር የፈለግኩት አንድ ቃል ነው፤ «ቆይ»። አጣሁት። ሰላምታ አውቃለሁ፣ ይቅርታ አውቃለሁ፣ ማመስገን አውቃለሁ። ሰው የማስቆምበት ቃል ግን አልነበረኝም። እጄ ከጨርቁ ሥር እንደተቀመጠ፣ ዝም ብዬ ተቆረጥኩ። ሲጨርስ አመሰገንኩት።

ጸጉሩማ ይበቅላል። የከነከነኝ ዝምታዬ ነው። ቤት እስክደርስ፣ እንዲህ ዝም ያልኩባቸውን ሌሎች ቦታዎች ስቆጥር ነበር። ሐኪም ፊት፣ አሠሪ ፊት፣ ያልገባኝ ወረቀት ላይ ስፈርም። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ እንደምትረዱኝ አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲያ የራሴን ጸጉር መማር ጀመርኩ። ጥቅልል ጸጉር ሲረጥብ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ አርጥቦ፣ ጎትቶ የሚቆርጥ ሰው ካሰበው በላይ ያሳጥረዋል። በደረቁ እንዲቆርጡልኝ መጠየቅ ተማርኩ። ቁጥር መጥራት ትቼ ሚሊ ሜትር መናገር ጀመርኩ፤ ሁልጊዜም ከረጅሙ እንዲጀምሩ እጠይቃለሁ፣ መቀነስ ይቻላል፣ መመለስ ግን አይቻልም። ፎቶም ይጠቅማል፣ ግን የራሳችሁን ያዙ፤ ቁርጡ ባማረላችሁ ቀን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ የተነሳ። የታዋቂ ሰው ፎቶ ይዞ መሄድ ለእኔ ብዙም አልረዳኝም፤ ያ የሌላ ሰው ጸጉር ነው።

ቃላቱንም አንድ በአንድ አጠናሁ። ጎን፣ ማጅራት፣ ይብቃ፣ ቆይ። መንገድ ላይ ስሄድ ለብቻዬ እላቸው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ወደዚያው ጸጉር ቆራጭ ተመልሼ ሄድኩ። ሲጨርስ ትንሿን መስታወት ከኋላዬ ይዞ ማጅራቴን አሳየኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳላየው ራሴን እነቀንቅ ነበር። አሁን ግን አየሁት። ግራው ከቀኙ ትንሽ ከፍ ብሏል። ጨርቁን መፍታት ሲጀምር፣ «ቆይ» አልኩት፣ በእሱ ቋንቋ። እጁ ቆመ። ጠጋ ብሎ አየ፣ ጨርቁን መልሶ አሰረና ቶንዶሱን አነሳ።