ከወንፊት የቀረ ጠጠር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጣችሁ መምህራንና ተመራማሪዎች፣ ክቡራን እንግዶቻችን፤ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን በደኅና መጣችሁ።

የዘንድሮው መርሐ ግብር ከደረሳችሁ በኋላ ብዙዎቻችሁ ደውላችሁልኛል። ጠዋት ስለ ግንባታ፣ ከሰዓት በኋላ ስለ ጣና ሐይቅ ዳርቻ የዱር እንስሳት፤ ሁለቱን ምን አገናኛቸው? አንድ አባላችንማ «የከሰዓቱ ለወፍ ወዳጆች ነው፤ እኔ ሳይት ላይ ነኝ» ብሎኝ ነበር። እነሆ ከፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም።

መልሴ በዚህ ጣሳ ውስጥ አለ። ባለፈው ሳምንት ከራሴ የሥራ ቦታ ያመጣሁት ነው። አሸዋ ሲነፋ ወንፊቱ ላይ የሚቀር ድብልብል ጠጠር፤ ልስን ያበላሻል ብለን የምንደፋው። እንዲህ የለሰለሰው ወንዝ ሲያንከባልለው ኖሮ ነው።

ጣና ውስጥ ላቤዎባርበስ የሚባሉ፣ እኛ ገበያ ላይ በጅምላ ነጭ ዓሣ የምንላቸው፣ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከእነዚህ በርከት ያሉት ክረምት ላይ ሐይቁን ትተው ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል አባይ ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ ውኃ የሚፈስበት ጠጠር ነው። እንቁላላቸውን እዚያ ይጥላሉ፤ በጠጠሩ መካከል የሚያልፈው ውኃ ለእንቁላሉ ኦክስጅን ያደርስለታል፤ ደለል ሲጫነው ግን ታፍኖ ይቀራል። አሸዋ የሚጭነው ገልባጭ መኪና የሚቆመውም እዚያው ወንዝ ውስጥ ነው።

እኔ በግንባታ ሙያ ፀጉሬ ሸብቷል። አሸዋ ስገዛ ጨብጬ እለቀዋለሁ፤ መዳፌ ላይ አፈር ካልቀረ ሒሳብ እከፍላለሁ። ከየትኛው ወንዝ፣ በየትኛው ወር እንደ ተጫነ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ደግነቱ ከተማችን የተቀመጠችው በጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ይህን ድንጋይ ከሚፈጨው ክሬሸር የሚወጣው አሸዋ ሻካራ ስለሆነ ልሳኞች ያጉረመርማሉ፤ እውነታቸውን ነው። በአግባቡ ታጥቦና ተመጥኖ ሲቀርብ ግን ለኮንክሪት ያገለግላል። ጠዋት ስለ አፈር ብሎኬትም ትሰማላችሁ። አንድ ቶን ሲሚንቶ ሲመረት ከግማሽ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቀቃል፤ ስለዚህ በአፈር መሥራት በሚቻልበት ቦታ ሲሚንቶ ማፍሰስ ለእኔ ብክነት ነው። ጭቃ ሲባል ድህነት የሚታየው ሰው ካለ ጀልባ ይሳፈርና ዘጌ ይሂድ፤ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች የተሸከመው ግድግዳ ጭቃ ነው።

ስለ ደንገል ደግሞ ልናዘዝ። ዳርቻው ላይ መዝናኛ ሲታሰብ አስቀድሞ የሚታጨደው ደንገል ነው፤ ዕይታ ይጋርዳል ተብሎ። ጎርፍ ያመጣውን ደለል የሚይዘው፣ ወፍ የሚጠለልበት፣ ታንኳ ሠሪው እንጀራ የሚበላበት ደንገል። ደንገሉ እንዲነሣ የሚያዝ ንድፍ ላይ የእኔም ፊርማ አለ። ዛሬ ቢሆን አልፈርምም።

ሐይቁን የወረረውን አረም፣ የእምቦጩን ነገር ሁላችሁም ስለምታውቁት እዘለዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ስለ ክሬን የሚቀርብ ጥናት አለ። ተቋራጮች ቀና ስትሉ አየሁ፤ ማሽኑን አይደለም፤ ከአውሮፓ መጥተው ጣና ዙሪያ የሚከርሙትን ባለ ረጅም እግር ወፎች ነው። ያም ሆኖ ሳትሄዱ ብታዳምጡ ደስ ይለኛል።

ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል፤ የእኛ የውል ሰነድ ግን እስካሁን የአሸዋውን ምንጭ አይጠይቅም። ማታ ለውሳኔ የማቀርበው አንድ መስመር ነው፤ አባላት በሚፈርሙት ውል ሁሉ አሸዋው የወጣበት ቦታና ወር ይጻፍ። የምትቃወሙ ክርክራችሁን እስከዚያ አዘጋጁ።

ጣሳው ጠረጴዛው ላይ ይቆያል፤ በሻይ ሰዓት እየመጣችሁ ጠጠሩን ዳስሱት። ጉባኤው ተከፍቷል። የመጀመሪያውን አቅራቢ ወደ መድረክ እጋብዛለሁ፤ ከኋላ የቆማችሁ በግራ በኩል ባዶ ወንበር አለ።