ፓምፑን እኛው ብንሠራውስ?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ሰሞኑን ከልቤ ስላልወጣ አንድ ፓምፕ ላውጋችሁ።

ኬሚስትሪ ስንማር የለመድነው ሁሉንም ብልቃጥ ውስጥ ጨምሮ ማማሰል ነው። በፍሰት ኬሚስትሪ ግን ሁለት ፈሳሾች በፓምፕ ከየሲሪንጃቸው እየተገፉ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይገናኛሉ፤ አጸግብሮቱም እየፈሰሱ ሳሉ ይካሄዳል። የውስጥ ስፋቱ 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ 10 ሜትር የቴፍሎን ቱቦ የሚይዘው 5 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ሁለቱ ፓምፖች እያንዳንዳቸው በደቂቃ ግማሽ ሚሊ ሊትር ቢገፉ ፈሳሹ ቱቦው ውስጥ 5 ደቂቃ ይቆያል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ 10 ደቂቃ። ሙቀቱም በቀጭኑ ግድግዳ በኩል ቶሎ ይወጣል። በ2012 በጀርመን ፖትስዳም የፒተር ሲበርገር ቡድን የወባ መድኃኒት መነሻ የሆነውን አርቴሚሲኒንን በብርሃንና በኦክስጅን የሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ወባ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚያንገበግበኝ የፓምፑ ዋጋ ነው። ውስጡ ሲታይ እኮ ሞተር፣ ብሎንና ሲሪንጁን የሚገፋ ሰሌዳ ነው! በ2014 በሚሺጋን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የጆሹዋ ፒርስ ቡድን የሲሪንጅ ፓምፕ ንድፉን ለማንም በነጻ አውጥቷል፤ ክፍሎቹ ፕላስቲክ እየደረበ ዕቃ በሚሠራ ስሪ ዲ ማተሚያ ይታተማሉ፣ ራስበሪ ፓይ የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ያዘዋል። አንድ ዙሩን በ200 እርምጃ የሚጨርስ ሞተር፣ በዙር 0.8 ሚሊ ሜትር ከሚሄድ ብሎን ጋር ሲያያዝ፣ በየእርምጃው የሚገፋው 0.004 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

በዝግታ ሲሄድ ግን ፍሰቱ ይቆራረጣል፤ እርምጃውን ይበልጥ የሚከፋፍል የሞተር መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል። ልኩን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያሻም፤ ውኃ አስገፍቶ በሚዛን መመዘን ይበቃል፣ 1 ሚሊ ሊትር ውኃ 1 ግራም ያህል ነውና። የፕላስቲክ ሲሪንጅ ጎማ እንደ ቶሉይን ያለ ማሟሚያ ፈሳሽ ሲነካው ያብጣል፤ ስለዚህ ፈሳሹ የሚነካው ሁሉ ብርጭቆ ወይም ቴፍሎን ይሁን። ቱቦው በደለል ሲደፈን ሞተሩን የሚያቆም የግፊት መለኪያም ይኑር። እዚህ ላይ ቁጠባ አልቀበልም፤ የሚፈነዳው ተማሪዎች ፊት ነው።

ከርካሽነቱ በላይ የምወደው መጠገኑን ነው። የተገዛው ፓምፕ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ሲቃጠል መለዋወጫ ጠፍቶለት መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የራሳችንን ግን የተሰበረውን ክፍል አትመን እንተካዋለን። ንድፉን ስታጋሩ ታዲያ የሚዛኑን ሰንጠረዥም አያይዙት፤ የሚቀጥለው ቤተ ሙከራ የራሱን ፓምፕ የሚያመሳክረው በእሱ ነው።