ደብተሩን ይዞ የዘመተው መምህር

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ አንድ መምህር ላጫውታችሁ። ሆሴ ዴ ላ ሉስ ሳኤንስ ይባላል፤ የሜክሲኮ ዘር ያለው አሜሪካዊ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራላችሁ።

በ1888 ደቡብ ቴክሳስ ውስጥ፣ ሪያሊቶስ በምትባል ትንሽ ቦታ ተወለደ። አድጎ መምህር ሆነ። ያኔ በቴክሳስ የሜክሲኮ ዘር ያላቸው ልጆች በብዙ ቦታ ለብቻቸው ነበር የሚማሩት። "የሜክሲካኖች ትምህርት ቤት" ይባል ነበር። የሚደርሳቸውም ትርፍራፊው ነው። ሳኤንስ ቀን ልጆቹን፣ ማታ ደግሞ ትልልቆቹን ያስተምር ነበር።

በ1918፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ወዶ ዘመተ። ሚስትና ልጆች ስላሉት መቅረት ይችል ነበር። እኔን የያዘኝ እዚህ ላይ ነው። ልጆቹን ከነጭ ልጆች ጋር ለማያስቀምጥ አገር ሰው ለምን ይዘምታል? እሱ ግን አስቦበታል። ለዴሞክራሲ ብለን ፈረንሳይ ድረስ ከሄድን፣ ስንመለስ እዚሁ ቴክሳስ ላይ መብታችንን እንጠይቃለን የሚል ሐሳብ ነበረው።

በአሜሪካ ጦር 90ኛው ክፍለ ጦር ሆኖ ሳን ሚዬልና ሜዝ-አርጎን በሚባሉ የፈረንሳይ ጦር ሜዳዎች ላይ ተሰለፈ። ይህ ሁሉ ሲሆን ይጽፋል። በስፓኒሽ፣ ከማሠልጠኛው ጀምሮ፣ አብረውት ያሉትን የቴክሳስ ልጆች በስም እየጠራ። መጻፍ ለማይችሉትም ደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበር።

ይቺን ሳነብ አንዲት ጎረቤታችን ትዝ አሉኝ። ልጃቸው ወታደር ነበር። እኔ ገና ተማሪ ነኝ፣ ደብዳቤ የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ። "ደህና ናት በለው፤ እግሯን ያማታል እንዳትለው" ይሉኛል። እኔም እንዳሉኝ እጽፋለሁ። በዚያኛው ጫፍ ደግሞ ልጃቸው ምን ደብቆ ያስጽፍ እንደነበር አስቤው አላውቅም። ሳኤንስ እዚያኛው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲጽፍ ነው የሚታየኝ።

በ1919 ተመለሰ። ቴክሳስ እንደነበረችው ናት። እሱም ወደ ማስተማሩ ገባ። በ1929 ኮርፐስ ክሪስቲ ላይ፣ በምኅፃሩ ሉላክ የሚባለውን የሜክሲኮ-አሜሪካውያን የመብት ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። በየመድረኩ ይናገራል፣ ለጋዜጦች ይጽፋል፤ ሁሌም ያንን የጦር ሜዳ ሒሳብ ያነሳል። እኛም እዚያ ነበርን፣ እኛም ሞተናል።

በ1953 አረፈ። በዓመቱ፣ በግንቦት 1954፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሜክሲኮ-አሜሪካውያን የሕገ መንግሥቱ የእኩልነት ጥበቃ እንደሚገባቸው ወሰነ። አንድ ዓመት ብቻ! በጣም ነው ያሳዘነኝ።

የጦር ሜዳ ማስታወሻውን በ1933 ሳን አንቶኒዮ ውስጥ በስፓኒሽ አሳትሞት ነበር። በእንግሊዝኛ የወጣው በ2014 ነው። እኔም ያገኘሁት በዚያ ነው። አብረውት የዘመቱት ልጆች ስም ላይ ስደርስ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩ።