አዲሱ ካሜራ ከመምጣቱ በፊት፦ ሳጥኑ ላይ የማይጻፈው ቁጥር

[ምስል፦ ከሚሄድ ባጃጅ ውስጥ በስልክ የተቀረጸ የጅማ ጎዳና። የመብራት ምሰሶዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተንጋደው ያልፋሉ።]

እነዚህን ምሰሶዎች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከመርካቶ ወደ ፈረንጅ አራዳ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ በስልኬ የቀረጽኳቸው ናቸው። ምሰሶዎቹ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው፤ ቪዲዮው ውስጥ ግን አንድም ቀጥ ያለ የለም። ስልኩ አልተበላሸም። በስልኩ ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ምስሉን የሚያነበው ሰው መጽሐፍ እንደሚያነብ ነው፤ ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር እየወረደ። የምሰሶውን ጫፍ አንብቦ እግሩ ጋ እስኪደርስ ባጃጁ ወደፊት ሄዷል። ጫፉና እግሩ የተመዘገቡት በተለያየ ሰዓት ነው ማለት ነው፤ ምሰሶው የተንጋደደው ለዚህ ነው።

አዲስ የባለሙያ ካሜራ ሊወጣ ነው በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የምንጠይቀው “ስንት ሜጋፒክሰል ነው?” ብለን ነው፤ ምስሉ ከስንት ሚሊዮን ነጥብ (ፒክሰል) ተሠራ ማለታችን ነው። እኔ ደግሞ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት “ሴንሰሩ ከላይ እስከ ታች አንብቦ ለመጨረስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል?” የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። ከአዲሱ ካሜራ የምንጠብቃቸው አብዛኞቹ ነገሮች የሚወሰኑት በዚህ አንድ ቁጥር ነው። አምራቾቹ ሳጥኑ ላይ አይጽፉትም።

የሜጋፒክሰሉን ጉዳይ ቶሎ ልጨርሰው። ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። በ1999 የወጣው ኒኮን ዲ1 2.7 ሜጋፒክሰል ነበር፤ የጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች በዚያ ሠርተውበታል። በ2021 የወጣው ኒኮን ዚ9 45.7 ሜጋፒክሰል ነው። 24 ሜጋፒክሰል የሆነ ምስል በጥሩ ጥራት ሲታተም 50 በ34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ከአብዛኛው የሰርግ አልበም ገጽ ይበልጣል። ግድግዳ የሚያክል ምስል ለሚያሳትም ሰው ተጨማሪው ይጠቅመዋል። ለእኛ ለብዙዎቻችን ግን ከበቃን ቆይቷል።

[ምስል፦ የሰርግ አዳራሽ። ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ላይ አግድም የወረዱ ጠቆር ያሉ መስመሮች።]

ይህ ፎቶ የእኔ ነው። ሽማግሌዎች ሙሽሮቹን እየመረቁ ነበር። የካሜራዬ ድምፅ ምርቃቱን እንዳይረብሽ ብዬ ድምፅ አልባውን (ኤሌክትሮኒክ) ሸተር ከፈትኩ፤ በዚህ ጊዜ ለብርሃን የሚከፍተውና የሚዘጋው የሚጮኸው መጋረጃ ሳይሆን ሴንሰሩ ራሱ ነው። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ስመለከተው ደህና መሰለኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍተው የሙሽራዋ ቀሚስ ከትከሻዋ እስከ እግሯ አምስት ጠቆር ያሉ መስመሮች ተጋድመውበታል። ምርቃት ደግሞ “እባካችሁ አንድ ጊዜ ድገሙልኝ” አይባልም።

መስመሮቹ ከየት መጡ? የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ በእያንዳንዱ ምልልስም ሁለት ጊዜ ይበረታል። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ ርካሽ የኤልኢዲ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ 100 ጊዜ ይደበዝዛሉ። ዓይናችን አያስተውለውም። የዚያ ካሜራ ሴንሰር አንዱን ፎቶ አንብቦ ለመጨረስ 1/20 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት መብራቱ አምስት ጊዜ ደምቆ አምስት ጊዜ ደብዝዟል። መብራቱ ሲደበዝዝ የተነበቡት መስመሮች ጨለሙ፣ ሲደምቅ የተነበቡት በሩ። ቀሚሱ ላይ አምስት መስመር የተቆጠረው ለዚህ ነው።

አሁን ሌላ ሴንሰር እናስብ፤ በ1/250 ሰከንድ አንብቦ የሚጨርስ። መብራቱ አንድ ጊዜ ደምቆና ደብዝዞ እስኪመለስ 1/100 ሰከንድ ይወስድበታል። ሴንሰሩ ግማሹም ሳይሞላ ሥራውን ጨርሷል፤ ስለዚህ መስመር የሚፈጠርበት ጊዜ የለም። የመድረክ ስክሪኖች ግን በሰከንድ ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ብልጭ ስለሚሉ በዚህ ፍጥነትም ቀጫጭን መስመር ሊጥሉ ይችላሉ። ለዚያ መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ እመጣበታለሁ።

[ምስል፦ ሜዳ ላይ የሚጋልብ ፈረሰኛ።]

ከአዳራሹ ወደ ሜዳ እንውጣ። ጅማ የፈረስ አገር ናት። አባ ጅፋር የሚለው ስም ራሱ የፈረስ ስም ነው፤ ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው የቆመላቸው ንጉሥ የሚታወቁት በፈረሳቸው ስም ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ፈረስ በሰከንድ 11 ሜትር ያልፋል። ያ የእኔ ካሜራ ከፈረሱ ጆሮ ጀምሮ ኮቴው ጋ እስኪደርስ ፈረሱ ከግማሽ ሜትር በላይ ተጉዟል፤ እግሮቹ ከአካሉ የተለዩ መስለው ይወጣሉ። በ1/250 ሰከንድ በሚያነበው ግን የሚሄደው ከአራት ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ያን ልዩነት ዓይን አያገኘውም።

ይህ ፍጥነት የተገኘው ሴንሰሩን እንደ ፎቅ ቤት በመሥራት ነው። ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ላይኛው ፎቅ ላይ ይቀመጣል፤ የሚያነበውና ለጊዜው የሚያከማቸው ደግሞ ከሥሩ። መረጃው ወደ ጎን ረጅም መንገድ ከመጓዝ ይልቅ በአጭሩ ወደ ታች ይወርዳል። ተደራራቢ ሴንሰር የሚባለው ይህ ነው። ሶኒ በ2017 ባወጣው አልፋ 9 ላይ ሙሉ ፍሬም ለሆነ (ሴንሰሩ የድሮውን 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ለሚያክል) ካሜራ አመጣው። ኒኮን ደግሞ በዚ9 ላይ ከዚያ አልፎ ሄደ፤ ከፊልም ዘመን የወረስነውን የሸተር መጋረጃ ጨርሶ አውጥቶ ጣለው። የሚያልቅ መጋረጃ የለም፣ የሚጮህም የለም። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ያቺን የምርቃት ሌሊት ነው።

ከዚያ በኅዳር 2023 ሶኒ አልፋ 9 ሦስትን ይፋ አደረገ። በዚህ ካሜራ መስመር በመስመር ማንበብ ቀርቷል፤ ሁሉም ፒክሰል በአንድ ቅጽበት ይከፈታል፣ በአንድ ቅጽበት ይዘጋል። ግሎባል ሸተር ይባላል። በሰከንድ 120 ፎቶ ያነሳል፤ ሸተሩ እስከ 1/80000 ሰከንድ ይደርሳል። ምሰሶ አይንጋደድም፣ ቀሚስ ላይ መስመር አይወርድም፣ ከመድረክ ስክሪን የሚመጣው ብርሃንም ቢሆን መስመር አይጥልም። እመጣበታለሁ ያልኩት መድኃኒት ይኸው ነው።

ታዲያ ሁሉም ካሜራ ለምን እንዲህ አልሆነም? ዋጋ ስላለው ነው፤ የብር ዋጋ ብቻ ማለቴ አይደለም። ሁሉም ፒክሰል በአንድ ጊዜ እንዲዘጋ እያንዳንዱ የተቀበለውን ብርሃን ተራው እስኪደርስ የሚያስቀምጥበት ጓዳ ያስፈልገዋል። ጓዳው የሚሠራው ከዚያው ከፒክሰሉ ቦታ ላይ ተቀንሶ ነው፤ ስለዚህ ፒክሰሉ ሞልቶ ሳይፈስ የሚይዘው ብርሃን ያንሳል። በዚህ ምክንያት የአልፋ 9 ሦስት ዝቅተኛው መደበኛ አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት መለኪያ) 250 ነው፤ በሌሎቹ ዘንድ የተለመደው 100 ነው።

[ምስል፦ በር አጠገብ ቡና የምታፈላ ሴት። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ፣ ጥቁር ጀበና፣ የዕጣን ጭስ።]

ይህ ቁጥር ምን እንደሚያመጣ ቡና ሲፈላ ላሳያችሁ። እናታችን በር አጠገብ ተቀምጣለች። ከውጭ የሚገባው ብርሃን ነጭ ቀሚሷ ላይ ያርፋል። ጀበናው ጥቁር ነው፤ ከጀርባዋ ያለው ክፍል ደግሞ ከጀበናውም ይጨልማል። ከቀሚሷ ጥለት እስከ ጀበናው አንገት ያለውን ሁሉ በአንድ ፎቶ ለመያዝ ሴንሰሩ ሰፊ የብርሃን ልክ መቻል አለበት። ይህ ልክ በስቶፕ ይቆጠራል፤ አንድ ስቶፕ እጥፍ ነው። 14 ስቶፕ የሚችል ሴንሰር በጨለማውና በደማቁ መካከል ከ16,000 እጥፍ በላይ ልዩነት ይይዛል። አንድ ስቶፕ ሲጎድል ያ ስፋት በግማሽ ይወርዳል። ያኔ ወይ ጥለቱ ነጭ ሆኖ ይጠፋል፣ ወይ ፊቷ ይጠቁራል። ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ ዕለት ዕለት አብረው ለምናነሳ ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ከሚቀጥለው የባለሙያ ካሜራ አጥብቄ የምጠብቀው ይህን ነው፦ የግሎባል ሸተርን ፍጥነት፣ አይ ኤስ ኦ 100ን ሳያሳጣ። ሁለቱን አስታርቆ የሚመጣ ካሜራ 24 ሜጋፒክሰል ብቻ ቢሆንም ለእኔ በቂ ነው።

መቼ ይጠበቅ ለሚል፣ አንድ ልማድ አለ። የስፖርት ፎቶ አንሺዎች ካሜራ የኦሎምፒክን ዓመት ተከትሎ የሚወጣ ነው። በ2012 ካኖን ዋን ዲ ኤክስና ኒኮን ዲ4፣ በ2016 ካኖን ዋን ዲ ኤክስ ማርክ ሁለትና ኒኮን ዲ5፣ በ2020 ማርክ ሦስትና ዲ6፣ በ2024 ካኖን አር1። የሚቀጥለው የበጋ ኦሎምፒክ በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው።

ሌላው በጣም የምወደው ነገር ቅድመ ቀረጻ ነው። የማንሻውን ቁልፍ በግማሽ ጫን አድርጋችሁ ስትጠብቁ ካሜራው ያለፈችውን አንድ ሰከንድ ያህል በትውስታው ይዞ ይቆያል፤ ሙሉ በሙሉ ስትጫኑት ያለፈውንም አብሮ ይጽፈዋል። የምረቃ ቀን ተማሪዎች ባርኔጣቸውን ወደ ሰማይ ሲወረውሩ ዓይናችን አይቶ ጣታችን እስኪታዘዝ 1/5 ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ ባርኔጣው ከእጅ የሚለቅባት ቅጽበት የምታመልጠን በዚያች መካከል ነው። ታዲያ ለዚህም ተዘጋጁ፦ አንድ ጥሬ ፋይል (ካሜራው ሳያስተካክለው እንዳለ የሚያስቀምጠው ምስል) 30 ሜጋባይት ቢሆን፣ በሰከንድ 40 ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ በአሥር ሰከንድ 12 ጊጋባይት ይሞላል። ካሜራው ሲገዛ ካርዱና ሃርድ ዲስኩም አብረው ይታሰቡ።

ስለ ዝናብ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ የምኖረው ጅማ ነው። የባለሙያ ካሜራ መጋጠሚያው ሁሉ በጎማ የታሸገ መሆን አለበት፤ ሌንሱም እንዲሁ፣ አለበለዚያ ውኃው በሌንሱ በኩል ይገባል። ከዝናቡ ይልቅ ግን የሚያስፈራኝ ክረምቱን ሙሉ በቦርሳ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ነው። እርጥበቱ መስታወቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ያበቅላል። አየር በማያስገባ ዕቃ፣ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡት።

[ምስል፦ የካሜራ መግለጫ ወረቀት፤ ጣት “ፍላሽ” የሚለው መስመር ላይ ያርፋል።]

አሁን ወደዚያ ሳጥኑ ላይ ወደማይጻፈው ቁጥር። አዲሱ ካሜራ ይፋ ሲሆን ዝርዝር መግለጫውን አውርዱና ፍላሽ የሚለውን ክፍል ፈልጉ። ካሜራው በኤሌክትሮኒክ ሸተር እስከ ስንት ፍጥነት ድረስ ከፍላሽ ጋር አብሮ እንደሚሠራ ተጽፎ ይገኛል። ፍላሽ ብልጭ ሲል ሴንሰሩ በሙሉ ክፍት መሆን ስላለበት ያ ቁጥር ወደ ንባቡ ፍጥነት የተጠጋ ነው። 1/200 ወይም ከዚያ የፈጠነ ከሆነ ሴንሰሩ ፈጣን ነው። በየትኛውም ፍጥነት ይሠራል ካለ ግሎባል ሸተር ነው። “በኤሌክትሮኒክ ሸተር ፍላሽ አይሠራም” የሚል ካገኛችሁ፣ ሜጋፒክሰሉ 60ም ይሁን 100፣ ያን ካሜራ ድምፅ አልባ አድርጌ ሽማግሌዎች በሚመርቁበት አዳራሽ አልገባም።