የአፍሪካ አንድ ገበያ ለጅማ ምኗ ነው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ስቱዲዮ ገብቼ የአድማጮችን ስልክ ስመልስ አረፈድኩ። ሰዓቱ አልበቃንም። በጥድፊያ ያለፍኳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልመልሳቸው።

«መምህር፣ አፍሪካ አንድ ገበያ ሆነች ሲባል ስሰማ ስንት ዓመቴ። የጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) ዋጋ ላይ ግን ምንም ያየሁት ለውጥ የለም። እኛንስ ይመለከተናል?» (ቡና አቅራቢ፣ ከአጋሮ)

ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ። የቡናህን ዋጋ የሚያወጣው የኒውዮርክ ገበያ ነው። «አንድ ገበያ» የሚባለው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ኪጋሊ ላይ ተፈረመ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በግንቦት 2019 ሥራ ላይ ዋለ። የኢትዮጵያን ቡና በብዛት የሚገዙት ግን ጀርመን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ አሜሪካ፣ ጃፓንና የመሳሰሉት ናቸው። ከአህጉሩ ውጭ ያሉ አገሮች ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ወሬ ላርም። «ቆልተን ብንልክ አውሮፓ ቀረጥ ይጥልብናል፣ ጥሬውን የምንልከው ለዚያ ነው» ይባላል። እኛ ላይ ግን አይጥልም። ከ2001 ጀምሮ እንደ ኢትዮጵያ ያሉ በጣም ደሃ ተብለው የተመደቡ አገሮች ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉንም ነገር ያለቀረጥ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ይችላሉ። የተቆላ ቡናም ጭምር። በሩ ሃያ ዓመት አልፎት ክፍት ነው፤ እኛ ግን ዛሬም ጥሬውን ነው የምንጭነው። ምክንያቱ ብዙ ነው። የተቆላ ቡና ጠረኑ ቶሎ ይሄዳል። ጥሩ ማሸጊያ ይፈልጋል። የአውሮፓ ቡና ቆዪዎች የብዙ አገር ቡና ቀላቅለው፣ ሸማቹ በለመደው ስም ይሸጣሉ። ያን ስም ለመገንባት ደግሞ የማስታወቂያ ገንዘብ ያስፈልጋል።

ታሪፍ (ቀረጥ) ማንሳት ብቻውን ያን ያህል አይጠቅምም የምለው ለዚህ ነው። አልጄሪያን ውሰድ። ቡና ጠጪ አገር ናት፣ ቡና ግን አታበቅልም፤ ከቬትናም ድረስ ታስመጣለች። ለምን ከእኛ አትገዛም? ሮቡስታ የሚባለውን ርካሽ የቡና ዓይነት መልመዷ አንዱ ነው። ሌላው ክፍያው ነው። የአፍሪካ ነጋዴዎች እርስ በርስ ሲገበያዩ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ዶላር ሆኖ፣ በሌላ አህጉር ባንክ በኩል ዞሮ ነው የሚደርሰው። በየአገሩ ገንዘብ እርስ በርስ መክፈል እንዲቻል በጥር 2022 አንድ የአፍሪካ የክፍያ ሥርዓት አክራ ላይ በይፋ ሥራ ጀምሯል። ለእኔ ከታሪፉ ሠንጠረዥ ይልቅ አንተን ሊጠቅምህ የሚችለው እሱ ነው።

«የኬንያና የግብፅ ዕቃ ያለቀረጥ ሊጎርፍ ነው አሉ። እኔ የቻይና ጫማ ነው የምሸጠው። ከሰርኩ በለኛ!» (ነጋዴ፣ ከጅማ መርካቶ)

አይዞሽ እህቴ፣ ነገ ጠዋት የሚሆን ነገር የለም። እንደ እኛ ላሉ አገሮች ስምምነቱ 90 በመቶ በሚሆኑት የዕቃ ዓይነቶች ላይ ቀረጡን በ10 ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ማንሳት ነው የሚለው። ሌላ 7 በመቶ ከዚያም ይዘገያል፤ 3 በመቶው ጭራሽ አይነካም። ደግሞ ነፃ የሚገባው የአፍሪካ ስሪት የሆነ ዕቃ ብቻ ነው። የቻይና ጫማ ሞምባሳ ላይ ካርቶን ስለቀየረ ኬንያዊ አይሆንም። የስሪት አገር የምስክር ወረቀት ይጠየቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከአንቺ ሱቅ ጀርባ ያለው ሰው ነው። እዚሁ ጅማ ጫማ የሚሰፋው፣ ሳሙና የሚያመርተው፣ በርጩማ የሚጠርበው። የካይሮ ፋብሪካ መብራት እንደ እኛ አይቆራረጥበትም፣ ብድርም አለው። በርጩማ ሠሪው ምን አለው? ያ 10 ዓመት የተሰጠው ለእሱ መዘጋጃ ነው። ተኝተን ካሳለፍነው ግን…

«እንግሊዝ ከአውሮፓ ወጣች። ማሊ፣ ኒጀርና ቡርኪና ፋሶ ከኤኮዋስ (የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ) ወጡ። አሜሪካ በሁሉም ላይ ታሪፍ ትጥላለች። ሌላው ሲፈርስ እኛ መገንባት መጀመራችን አልዘገየም?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

የቀኑ ምርጥ ጥያቄ ይሄ ነበር፤ ጨምሬም አመሰገንኩት።

ከአፍሪካ ልጀምር። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በ1967 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን ሲመሠርቱ የጋራ ባቡር፣ የጋራ ፖስታ፣ የጋራ አየር መንገድ ነበራቸው። አሁን እንኳ ብዙዎች የሚመኙት ነገር ነው። በ1977 ፈረሰ። የኡጋንዳው ገዢ የኢዲ አሚን ነገር ነበረበት፣ የኬንያና የታንዛኒያ የርዕዮተ ዓለም ልዩነትም ነበር። አንዱ ትልቅ ቅሬታ ግን «ትርፉ ሁሉ ናይሮቢ ቀረ» የሚለው ነበር። በ1999 እንደገና ተፈራርመው ተነሡ፤ ዛሬ ዴሞክራቲክ ኮንጎና ሶማሊያ ሳይቀሩ ገብተዋል። ማኅበር የሚፈርሰው ድርሻው አንድ ወገን ላይ ሲከማች ነው። እንግሊዝም ብትሆን ከለንደን ራቅ ባሉ ብዙ ከተሞች «እኛ ምን አገኘን?» የሚል ድምፅ ነው ያስወጣት።

አሜሪካን ካነሳህ ደግሞ፣ በጥር 2022 ከአጎዋ (የአፍሪካ ዕቃ ያለቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ) ስታስወጣን ሐዋሳ የልብስ ስፌት ላይ የነበሩ ልጆች ምን እንደገጠማቸው ታውቃለህ። ገበያህ በአንድ ሩቅ አገር ፊርማ የሚዘጋ ከሆነ ጎረቤት መያዝ ግድ ነው። እና አልዘገየም። እንዲያውም ምክንያቱ የበረታው አሁን ነው።

«ልጄ፣ ሞያሌን ተወው። ከጅማ አዲስ አበባ ስንት ቦታ ነው ጭነቴን የሚያስቆሙት?» (አዛውንት ነጋዴ፣ ከጅሬን)

አባቴ፣ መልስ የለኝም። ልክ ነዎት። በአባ ጅፋር ዘመንም ኬላ ነበረ፤ የሲራራ ነጋዴው ግን የሚያልፈውን በር ያውቀው ነበር። ዛሬ 350 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ላይ አሽከርካሪው የት እንደሚቆም አያውቅም። ሞያሌ ላይ ኢትዮጵያና ኬንያ በአንድ ጣቢያ የሚፈትሹበት አሠራር በታኅሣሥ 2020 ተመርቋል። ያን አሠራር ወደ አገር ውስጥ መንገዶቻችንም ያምጡልን።

«ማሳሽን በጂፒኤስ እንለካ እያሉኝ ነው። መሬቴን ሊወስዱ ይሆን?» (የቡና ገበሬ፣ ከማና)

እናቴ፣ ይህ ከአውሮፓ የመጣ ሕግ ነው። ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና እንዳይገባ ይከለክላል። የሚጀምርበት ቀን ተደጋግሞ ቢራዘምም፣ ገዢዎች ካሁኑ ቡናው የበቀለበትን ቦታ እየጠየቁ ነው። ኡጋንዳም፣ ኬንያም፣ ታንዛኒያም ያሉ ገበሬዎች በዚሁ ጭንቅ ላይ ናቸው። መንግሥታቱ ወደ አውሮፓ ኅብረት መቀመጫ ብራሰልስ ተለያይተው ከሚሄዱ አብረው ቢሄዱ ይሻላቸው ነበር። ትስስር ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ለእርስዎ ግን፦ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ፣ ማለትም የማሳው የአንድ ቦታ የጂፒኤስ ቁጥር ብቻ ይበቃል። ዙሪያውን መለካት ግዴታ አይደለም። ለኪው ሲመጣ ከየትኛው ማኅበር ወይም ላኪ እንደተላከ ይጠይቁት፤ የጻፈውንም ቁጥር ልጅዎ በስልኩ ፎቶ ያንሳው።