አዲስ አበባ ተቀምጦ ለአሜሪካ ድርጅት መሥራት፦ ግብሩ ለማን ነው?

[በስክሪን፦ 183 እና 330]

የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይዛችሁ አዲስ አበባ ሆናችሁ በርቀት የምትሠሩ ከሆነ፣ ደመወዛችሁ ቨርጂኒያ ባለ ባንክ ቢገባም የሁለት አገር የግብር ሕግ ይመለከታችኋል።

ከኢትዮጵያ እንጀምር። በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት፣ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በተከታታይም ሆነ እየተመላለሰ ከ183 ቀን በላይ አገር ውስጥ የቆየ ሰው ነዋሪ ነው፤ ውጭ አገር ያገኘው ገቢም ይቆጠራል። ከዚያ በታች ብትቆዩስ? እዚህም ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀምጣችሁ የሠራችሁበት ደመወዝ፣ የትም ይከፈል የት፣ ከኢትዮጵያ የመነጨ ገቢ ነው። ወሳኙ የተሠራበት ቦታ እንጂ ገንዘቡ ያረፈበት ሒሳብ አይደለም።

አሜሪካ ደግሞ ዜጎቿንና ግሪን ካርድ ያላቸውን የትም ቢኖሩ ታስከፍላለች። በሁለቱ አገሮች መካከል የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌለ «የዚያኛው አገር ነዋሪ ነኝ» ማለት አያድንም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የአሜሪካ ነዋሪ አይደለሁም ብሎ ታክስ ቢያስገባማ ካርዱን ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል።

[በስክሪን፦ ፎርም 2555]

ያለው መፍትሔ ሁለት ነው። አንዱ በፎርም 2555 ውጭ አገር ተሠርቶ የተገኘን ገቢ ከአሜሪካ ግብር ነፃ ማድረግ ነው፤ የ2025 ጣሪያው 130,000 ዶላር ነው። ለዚህ ሥራችሁ በቋሚነት ውጭ አገር መሆን አለበት፤ በተጨማሪም በተለመደው መንገድ ለመብቃት በማናቸውም ተከታታይ 12 ወራት 330 ሙሉ ቀን በውጭ አገር መገኘት ያስፈልጋል። ሙሉ ቀን ማለት ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ጃንዋሪ 10 ከዋሽንግተን ተነስታችሁ 11 ጠዋት ቦሌ ብትደርሱ፣ የመጀመሪያ ቀናችሁ 12 ነው። ለሠርግና ለልቅሶ እየተመላለሱ በጥቂት ቀን ጉድለት መብቱን ማጣት ይመጣል፤ ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቁጠሩ፣ የፓስፖርት ማኅተሙንና የመሳፈሪያ ወረቀቱንም አስቀምጡ። ቀኑ እስከ አሜሪካ ታክስ ማስገቢያው ጊዜ ካልሞላ በፎርም 2350 ማራዘሚያ ይጠየቃል።

ሁለተኛው ፎርም 1116 ነው፦ ለኢትዮጵያ የከፈላችሁትን ግብር ከአሜሪካው ላይ ማቀናነስ። 330 ቀን ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየ ሰው 183ቱን ያለፈ መሆኑ ግልጽ ነው፤ የኢትዮጵያ ከፍተኛው የደመወዝ ግብር መጣኔ ደግሞ 35 በመቶ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በአግባቡ ለሚከፍል ሰው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ይሻላል ብለን እናምናለን። በ2555 ነፃ ባደረጋችሁት ገቢ ላይ የተከፈለውን ግብር ማቀናነስ አይፈቀድም፤ ልጅ ላለው ሰው የሚሰጠው የአሜሪካ የግብር ቅናሽ (የልጆች ክሬዲት) ተመላሽ የሚሆነው ክፍልም ይቀራል። 2555ን ጀምራችሁ ከተዋችሁት ደግሞ ያለ አሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) ፈቃድ ለአምስት ዓመት አትመለሱበትም። ሁለቱንም አሠርታችሁ አወዳድሩ። የኢትዮጵያ የደመወዝ ግብር በየወሩ ስለሚሰላ፣ የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 ቢጀምርም በወር የተለየ ደረሰኝ ካላችሁ ለአሜሪካ የሚፈለገውን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያለውን መለየት ቀላል ነው።

[በስክሪን፦ የማይቀሩ ክፍያዎች]

የሶሻል ሴኪዩሪቲና የሜዲኬር 7.65 በመቶ ከደመወዛችሁ መቆረጡን ይቀጥላል። በግል ውል የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ 15.3 በመቶውን ራሳችሁ ትከፍላላችሁ፤ 2555 ይህን አይነካም። ካሊፎርኒያ ለራሷ የክፍለ ግዛት ግብር የ2555ን ነፃነት ጭራሽ አትቀበልም። ስለዚህ ለአሠሪያችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ንገሩ፤ እሱም በኢትዮጵያ የሚመጣበትን ግዴታ ማየት አለበት።

ውጭ አገር ያለ ሰው የአሜሪካ ታክስ ማስገቢያው በራሱ እስከ ጁን 15 ይራዘምለታል፤ በቀረ ክፍያ ላይ ግን ወለዱ ከኤፕሪል 15 ይቆጥራል። የኢትዮጵያ ባንክ ሒሳቦቻችሁ ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀንም ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር የተባለውን የውጭ አገር ባንክ ሒሳብ ማሳወቂያ ለአሜሪካ ማስገባት ግዴታ ነው፤ በእናታችሁ ሒሳብ ላይ ፈራሚ ብቻ ብትሆኑም እንኳ ይቆጠራል።