ድመቴ ግፊት አለባት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ የማወራው።

«ድመቴ ግፊት አለባት» ስል ሰው ይስቃል። «ምን አስጨንቋት ነው?» ይሉኛል። ኧረ ምንም! የድመት ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ በሽታ ተከትሎ ነው የሚመጣው፤ የደከመ ኩላሊት ወይም ከልክ በላይ የሚሠራ ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ)። ምክንያቱ የማይገኝበት ጊዜም አለ።

የሚያናድደኝ «አርጅታ ነው» የምትለው ነገር ናት። ሌሊት ስትጮህ፣ አርጅታ ነው። ግራ ሲገባት፣ አርጅታ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ትነሱና ትናንት ስታይ የነበረችው ድመት ግድግዳ እየገጨች ትሄዳለች፣ የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ ቀርቷል፣ መብራት ቢበራባትም አይጠብም። ግፊቱ ሬቲናዋን፣ ማለትም ከዓይኗ ኋላ ያለውን ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ ከቦታው አላቆታል ማለት ነው። ቶሎ ከታከመች የተወሰነ እይታ ሊመለስ ይችላል፣ ዋስትና ግን የለውም።

ስለዚህ ድመታችሁ 7 ዓመት ካለፋት፣ ደህና ብትመስልም ቢያንስ በዓመት አንዴ አስለኩላት። ሐኪሙ ካላነሳው እናንተ ጠይቁ።

አለካኩ ደስ ይላል። መጀመሪያ ምንም አይደረግም። ፍርሃት ብቻውን ቁጥሩን ስለሚሰቅለው፣ ክፍሉን አሽትታ እስክትረጋጋ አምስት አሥር ደቂቃ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ከዚያ ሐኪሟ አንዲት ጠባብ መጠቅለያ የፊት እግሯ ወይም ጭራዋ ላይ ታስራለች፣ ጄል ትቀባለች፣ የመሣሪያው ሹሽታ እንዳያስደነግጣት ራሷ የጆሮ ማዳመጫ ታደርጋለች። የመጀመሪያው ቁጥር ይጣላል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት አምስት ስድስት ቁጥሮች አማካያቸው ይያዛል። የላይኛው ቁጥር በተደጋጋሚ 160 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ፤ 180 ከደረሰ ዓይኗም፣ አንጎሏም፣ ልቧና ኩላሊቷም አደጋ ላይ ናቸው።

መድኃኒቱ ሰው ለደም ግፊት የሚወስደው አምሎዲፒን ነው። ብዙ ጊዜ በቀን 0.625 ሚሊግራም ይጀመራል፣ ማለትም የባለ 5 ሚሊግራሙ ክኒን አንድ ስምንተኛ። ይህን ሰምታችሁ ደግሞ የእማዬን ክኒን ሸርፋችሁ እንዳትሰጡ፣ መጠኑን ሐኪም ይወስን! ማስዋጡ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው፤ የኔዋ ምግቡን ጥርግ አድርጋ በልታ ክኒኗን ብቻ ሳህኑ ላይ ትታ ትሄዳለች።

ከጀመረች በኋላ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና መለካት አለባት። የኛ ቀጠሮ ሐሙስ ነው፣ ቁጥሩን በሚቀጥለው ክፍል እነግራችኋለሁ። ቻው።